ጉንፔይ ዮኮይ፦ በ4 ባትሪ ድንጋይ ዓለምን ያጫወተ መሐንዲስ

ጌም የሚለው ቃል በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ሲነሳ ፊታቸውን የሚያኮሳትሩ አንባቢያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጌም የሥራ ፈት ነው፣ ጌም ተማሪ ያበላሻል የሚለው ክስ አዲስ አይደለም። እኔም ዛሬ ጌም መጫወት ጥሩ ነው ብዬ ልከራከር አልተነሳሁም። የተነሳሁት ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ ነው። ይህ ሰው በጌም ዓለም ስሙ እጅግ የገነነ ቢሆንም እኛ ዘንድ ብዙም አይወራለትም። ይሁን እንጂ ጆይስቲክ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ሰው የፈጠራ ሥራ በግራ አውራ ጣቱ ነክቶታል። ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ስለ እሱ እንድጽፍ የገፋፋኝ የሰፈሬ ነገር ነው። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። እኛ ሰፈር ልጆች ጌም የሚጫወቱት በአብዛኛው በእጅ ስልክ ሲሆን ስልኩም ብዙ ጊዜ ከሰው እጅ የተገዛ ነው። ከባድ ጌም ሲጫንበት ይሞቃል፣ ይንቀራፈፋል፣ ኳሷ መረብ ልትነካ ስትል ስታክ ያደርጋል። ታዲያ ልጆቹ አዲስ ስልክ አይገዙም፤ በምን ብር? ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የምስሉን ጥራት ይቀንሳሉ፣ ጥላውን ያጠፋሉ፣ ከኋላ የተከፈተውን ሁሉ ይዘጋሉ። ከዚያ ያው ስልክ ያንኑ ጌም ሳያደናቅፍ ያጫውታል። ይህን ዘዴ የድሃ ብልጠት አድርገን ነው የምናየው። ለካ ከዚሁ አስተሳሰብ ተነስቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ዕቃ የሠራ ሰው ነበር!

የካርታ ፋብሪካው ቴክኒሻን

ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ከተመረቀ በኋላ በ1965 ኒንቴንዶ የተባለ ድርጅት ተቀጠረ። ዛሬ ኒንቴንዶ ሲባል ትዝ የሚለን ጌም ነው። ያኔ ግን ድርጅቱ ካርታ አምራች ነበር። በ1889 ሲቋቋም ሃናፉዳ የሚባለውን የጃፓኖች ባለ አበባ መጫወቻ ካርታ ለመሥራት ነው። ዮኮይም የተቀጠረው ካርታ የሚሠሩት ማሽኖች እንዳይቆሙ እንዲከታተልና እንዲጠግን ነበር። አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነውና ይህን ዓይነቱን ሰው እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ቱታውን ለብሶ፣ መፍቻውን ይዞ፣ ማሽን ሲበላሽ የሚጠራ፤ ማሽን ሲሠራ ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ሰው ነው።

ማሽኖቹ በደህና ሲሠሩ ዮኮይ ጊዜ ይተርፈው ነበር። በዚያ ትርፍ ጊዜ እንደ መቀስ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ፣ ራቅ ያለ ዕቃ የሚያነሳ ክንድ ለራሱ መጫወቻ ሠራ። በ1966 የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ፋብሪካውን ሲጎበኙ ይህቺን ነገር አዩዋት። በሥራ ሰዓት ሲጫወት የተገኘ ቴክኒሻን ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። ያማውቺ ግን ክንዷን ለገበያ አዘጋጃት ብለው አዘዙት። አልትራ ሃንድ የሚል ስም ወጥቶላት ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። ዮኮይም ከጥገና ወደ ፈጠራ ክፍል ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ የሠራቸውን መጫወቻዎች ሳይ አንድ ባሕርይ ደጋግሞ ይታየኛል። በ1969 የወጣው ላቭ ቴስተር ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ፍቅራቸውን የሚለኩበት ዕቃ ነበር። በውስጡ ያለው ግን በሰው ገላ የሚያልፈውን ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳይ ተራ መለኪያ ነው። በ1972 ደግሞ ሌፍቲ አር ኤክስ የተባለች በሪሞት የምትነዳ መኪና አወጣ። በዚያን ዘመን የሪሞት መኪና በጣም ውድ ነበር። ዮኮይ ዋጋውን ለመቀነስ ሲል መኪናዋ ወደ ግራ ብቻ እንድትታጠፍ አደረገ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን እስቲ አስቡት፤ ክብ ሜዳ ላይ የሚሽቀዳደም መኪና ወደ አንድ ጎን መታጠፍ ከቻለ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቆርጦ ያስወጣው ነገር ተጫዋቹ የማይናፍቀውን ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባቡር ላይ የታየው ካልኩሌተር

በ1970ዎቹ በጃፓን የካልኩሌተር ፋብሪካዎች ከባድ የዋጋ ፉክክር ውስጥ ገብተው ነበር። ሻርፕና ካሲዮ አንዱ ሲቀንስ ሌላው እየቀነሰ ካልኩሌተር የማንም ኪስ ውስጥ የሚገኝ ርካሽ ዕቃ ሆነ። እንደሚተረከው ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ የደከመው የቢሮ ሠራተኛ ጊዜ ለማሳለፍ የካልኩሌተሩን ቁልፎች ሲነካካ ተመለከተ። ሌላው ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ለአዋቂ ሰው የሚሆን፣ ከኪስ የሚገባ፣ ሰው ሳያይ የሚጫወቱት ነገር ቢኖርስ ብሎ አሰበ።

ውጤቱ በ1980 ጌም ኤንድ ዎች ተብሎ ወጣ። የካልኩሌተር ቺፕና ስክሪን፣ የሰዓት ባትሪ፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ በቃ። ካልኩሌተር ላይ 8 ቁጥር የምትሠራው አስቀድመው መስታወቱ ላይ የተቀመጡ ሰረዞች በርተው ነው። ዮኮይም እንደዚሁ የሰውዬውን እጅ፣ የኳሷን መውደቂያ ሁሉ አስቀድሞ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። ጌሙ ሲሠራ አንዱን ማብራትና ሌላውን ማጥፋት ብቻ ነው። የሚሳል ነገር ስለሌለ ፕሮሰሰሩ አይደክምም፤ ባትሪውም አያልቅም። በተለያየ ዓይነት እየወጣ በዓለም ዙሪያ 43.4 ሚሊዮን ተሸጠ።

በ1982 የዚሁ ዕቃ ተጣጣፊ ዓይነት፣ ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጌም ያለበት፣ ሲሠራ ችግር ገጠመ። ጆይስቲክ ረጅም ነው፤ ሲታጠፍ አይመችም፣ ኪስም አይገባም። ዮኮይ የመስቀል ቅርጽ ያላት ጠፍጣፋ አቅጣጫ መምሪያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የፕሌይስቴሽን ይሁን የሌላ፣ እጃችን የገባ መጫወቻ ሁሉ ማለት ይቻላል ያቺን መስቀል ወይም የእሷን ዘመድ ይዟል። በግራ አውራ ጣታችሁ ነክታችሁታል ያልኩት ይህንን ነው።

23,040 ነጥብ

አሁን ወደ ትልቁ ሥራው እንምጣ። ጌም ቦይ ኤፕሪል 21 ቀን 1989 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ዮኮይ የሚመራው ክፍል ውጤት ሲሆን የቅርብ ረዳቱ ሳቶሩ ኦካዳ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ወረቀት ላይ ስናየው የሚያስቅ ዕቃ ነው። ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ በሚመስል ስክሪን ላይ 4 ዓይነት የጥላ ደረጃ ብቻ ያሳያል። ከኋላ መብራት ስለሌለው ጨለማ ውስጥ አይታይም። ሚሞሪው 8 ኪሎባይት ነው። በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይገባበትም።

ታዲያ ይህ ዕቃ እንዴት ሳይደናቀፍ ያጫውታል? እስቲ በሒሳብ እንየው። ስክሪኑ ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች 144 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 23,040 ይመጣል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ወደ 4.19 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ቀላሉን ትእዛዝ ለመፈጸም ግን 4 ምት ይፈጅበታል። ስክሪኑ ደግሞ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይታደሳል። ስናካፍለው ለአንድ ምስል የሚደርሰው 17,500 ያህል ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ልሳል ቢል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንዲት ትእዛዝ እንኳ አትደርስም። በቀጥታ መንገድ ከሄዱበት የማይቻል ነገር ነው ማለት ነው።

መፍትሔው እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች በቀላሉ የምንረዳው ነው። በድሮው ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን ፊደል አይስልም። የተቀረጸውን የእርሳስ ፊደል ከሳጥኑ እየለቀመ ይደረድራል። ጌም ቦይም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ንጣፎች ይከፋፈላል፤ 20 ወደ ጎን፣ 18 ወደ ታች፣ በድምሩ 360። ጌሙ የሚያስበው ስለ 23,040 ነጥብ ሳይሆን እዚህ ቦታ የትኛው ንጣፍ ይቀመጥ ስለሚሉ 360 ቁጥሮች ነው። አንዷ የግንብ ንጣፍ ሺህ ቦታ ትደጋገማለች። ተጫዋቹ ወደ ፊት ሲሄድ ደግሞ ሜዳው እንደገና አይሳልም። ከሚታየው ሰፋ ያለ ሜዳ ተዘጋጅቶ ይቀመጥና መስኮቱ ብቻ በላዩ ይንሸራተታል። የሚንቀሳቀሱት ቁርጥራጭ ምስሎችም ቢበዛ 40፣ በአንድ መስመር ላይ ደግሞ 10 ብቻ ናቸው። ጌም ሠሪው ይህንን አውቆ ነው ጠላቶቹን የሚበትነው።

ከጌም ቦይ ጀርባ ተፎካካሪዎች መጡ። በዚያው በ1989 የወጣው አታሪ ሊንክስ ባለ ቀለምና ባለ መብራት ነበር። በ1990 የተከተለው የሴጋ ጌም ጊርም እንዲሁ። ሁለቱም ከጌም ቦይ በግልጽ ይበልጣሉ። ችግሩ 6 ባትሪ ድንጋይ በልተው 4 ወይም 5 ሰዓት ቢሠሩ ነው። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ አሜሪካ ሲገባም ዋጋው ከ90 ዶላር አይበልጥም ነበር፤ ሊንክስ ግን የዚያን እጥፍ ይጠይቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አብሮት በካርቶኑ የሚሸጠው ጌም በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የፈጠረው ቴትሪስ ነው። ብሪክ ጌም በሚባለው የቻይና መጫወቻ ብዙዎቻችን የምናውቀው ያው ጡብ መደርደር ማለት ነው። ቴትሪስ ቀለም አያስፈልገውም፣ ብርሃን አያስፈልገውም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጌም ቦይ ደግሞ ጊዜ ነበረው። ከባለ ቀለሙ ታናሽ ወንድሙ ጋር ተደምሮ 118.69 ሚሊዮን ተሸጠ። ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ።

ዮኮይ ለዚህ አካሄዱ በጃፓንኛ ስም አውጥቶለት ነበር። ወደ እኛ ስንመልሰው የጠወለገን ቴክኖሎጂ ወደ ጎን ማሰብ እንደማለት ነው። ጠወለገ ሲል ረከሰ፣ በዛ፣ ጠባዩ ሁሉ ታወቀ ማለቱ ነው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ከሚለው ተረታችን ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን የዮኮይ አነጋገር አንድ ነገር ይጨምራል። እንደ ቤትህ ኑር ብቻ ሳይሆን፣ ቤትህ ውስጥ ያለውን ዕቃ ማንም ባላሰበው ቦታ አውለው ይላል።

ቀይዋ መነጽር

ሕይወቱ በድል ብቻ የተሞላ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልማረከኝ። በጁላይ 1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ ዕቃ ወጣ። ዓይን አስጠግተው ሲያዩት ምስሉ ጥልቀት ያለው መስሎ የሚታይበት መሣሪያ ነው። ዮኮይ እዚህም የቆየ መርሑን ተከተለ። ባለ ቀለም ቢሆን ዋጋው አይቀመስም ነበርና በጊዜው ርካሽና ኃይል ቆጣቢ የነበሩትን ቀይ አምፖሎች ተጠቀመ። የሚታየው ሁሉ ቀይና ጥቁር ሆነ። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል እንጂ ኪስ አይገባም፣ አንገት ያስጎነብሳል፣ ዓይን ያደክማል። 770,000 ያህል ብቻ ተሸጦ አንድ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ።

እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ያው ሰው፣ ያው መርሕ፣ ያው ቁጠባ፤ ታዲያ ጌም ቦይ ሲነሳ ቨርቹዋል ቦይ ለምን ወደቀ? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ መልሱን የሚሰጥ ይመስለኛል። ከጌም ቦይ ላይ የተቆረጠው ቀለም ነው፤ በለውጡ ተጫዋቹ ረጅም ሰዓትና ቀላል ዋጋ አገኘ። ከቨርቹዋል ቦይ ላይም ቀለም ተቆረጠ፤ ነገር ግን በለውጡ ተጫዋቹ በገላው የሚያውቀው ነገር አላገኘም፤ ይባስ ብሎ ዓይኑና አንገቱ ከፈሉ። መቆጠብ ብቻውን ጥበብ አይደለም። ጥበቡ ሰው የማይናፍቀውን ለይቶ መቁረጥ ነው።

ዮኮይ በኦገስት 1996 ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቀ። ብዙዎች ከቨርቹዋል ቦይ ውድቀት ጋር ያያይዙታል፤ የራሱን ሥራ የመጀመር ሐሳብ ከዚያ በፊትም እንደነበረው ግን ይነገራል። ኮቶ የተባለ ትንሽ ድርጅት አቋቁሞ ለባንዳይ ኩባንያ አዲስ የእጅ ጌም መንደፍ ጀመረ። ፍጻሜውን ግን አላየም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በጃፓን ኢሺካዋ ግዛት አውራ ጎዳና ላይ ቀላል የመኪና ግጭት ደረሰ። ዮኮይ የደረሰውን ጉዳት ለማየት ከመኪናው ሲወርድ ሌላ መኪና ገጨው። 56 ዓመቱ ነበር።

ያ ዕቃ ወንደርስዋን ተብሎ በማርች 1999 ወጣ። በአንዲት ትንሽ ባትሪ ድንጋይ ከ30 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ከእሱ ጋር ከወጡት ጌሞች አንዱ ለመታሰቢያው ጉንፔይ ተብሎ ተሰየመ። በ2003 ደግሞ ዓለም አቀፉ የጌም ሠሪዎች ማኅበር ከሞት በኋላ የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጠው።

ከኪዮቶ እስከ ቃሊቲ

ዛሬ የእጅ መጫወቻዎች ከጌም ቦይ ጋር አይወዳደሩም። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የትልቅ ኮምፒዩተር ጌሞችን በእጅ ያጫውታል። ግን ችግሩ ያው የዮኮይ ችግር ነው። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ነው። መሣሪያው 20 ዋት ከበላ 2 ሰዓት፣ 10 ዋት ከበላ 4 ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ ተጫዋቾች በሰከንድ 60 ምስል ከማሳደድ 40 ላይ ይገድቡታል። ለምን 40? በ60 አንዱ ምስል 16.7፣ በ30 ደግሞ 33.3 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ40 ግን 25 ነው፣ ልክ መሃል ለመሃል። ዓይን ልዩነቱን ያገኘዋል፤ ባትሪው ግን የ60ውን ያህል አይቃጠልም።

የእኛ ሰፈር ልጆችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የፒ ኤስ ፒን ጌም ስልክ ላይ የሚያጫውተውን ፕሮግራም ውሰዱ። የፒ ኤስ ፒ ስክሪን 480 በ272 ነው፣ ይኸውም 130,560 ነጥብ። ሴቲንጉ ላይ 2 እጥፍ ሲባል ወርዱም ቁመቱም በ2 ስለሚባዛ ሥራው 4 እጥፍ፣ 522,240 ነጥብ ይሆናል። ትንሽ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ ስልኩ ግን ይግላል። ስልክ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ነው ጌሙ ስታክ የሚያደርገው። ለዚህ ነው አንዴ 60 አንዴ 20 ከሚል ጌም፣ ሳያወላውል 30 ላይ የሚሄድ ጌም ለዓይን የሚሻለው። ነጥቡን ወደ 1 እጥፍ፣ ምስሉን ወደ 30 ያወረደ ልጅ ምን መቁረጥ እንዳለበት ያውቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቀረችው ቻርጅ እስከ ማታ ታደርሰዋለች።

እዚህ ላይ ራሴን በራሴ መሞገት ይኖርብኛል። ዮኮይ አዲስ ቴክኖሎጂ ከሚፈበረክበት አገር ሆኖ አሮጌውን መረጠ። እኛ ግን ምርጫ የለንም፤ የደረሰን እሱ ነው። ሰው ከአማራጭ ማጣት የሚያደርገውን እንደ ጥበብ ማወደስ ድህነትን ማቆንጀት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ አሮጌ ዕቃ መያዝ በራሱ ምንም አያኮራም። ዮኮይን ዮኮይ ያደረገው ዕቃው አሮጌ መሆኑ ሳይሆን ጠባዩን እስከ ሥር ማወቁ ነው። ካልኩሌተርን የያዘ ሚሊዮን ሰው ነበር፤ ውስጡን አውቆ ሌላ ቦታ ያዋለው ግን እሱ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ዕውቀት ከሆነ፣ ቃሊቲ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ቁጭ ብሎ ስልክ የሚፈታውን ልጅ፣ ጌም ለማስኬድ ሴቲንግ የሚፈትሸውን ተማሪ በሌላ ዓይን ማየት ያለብን ይመስለኛል። ሥራ ፈት ብለን ካባረርነው ሥራ ፈት ይሆናል። ለምን እንዲህ አደረግኸው ብለን ከጠየቅነው፣ እሱም ምክንያቱን እስኪያውቅ ድረስ ከገፋ፣ ከመነካካት ወደ መሥራት ይሻገራል። ያማውቺ በ1966 ያደረጉት ከዚህ የበለጠ አልነበረም፤ በሥራ ሰዓት የሚጫወተውን ቴክኒሻን ከመቅጣት ይልቅ የያዘውን ነገር አዩለት። እኛም ነገ ካሜራና መቅረጫ ይዘን ስንወጣ ከቢሮና ከስብሰባ አዳራሽ አልፈን እነዚህን ሱቆች ብናያቸው፣ ብዙ የምንጽፈው ነገር እናገኛለን።